የምንዛሪ ለውጡና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የዕለት ኑሮ

የኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ገቢ በቡና፣ በወርቅ፣ በአበባና በመሳሰሉ ጥቂት የወጪ ምርቶች ላይ የተመሠረተ ነው። በመሆኑም የዕዳ ክፍያ ሲደራረብ ወይም የዓለም ገበያ ሲቀዘቅዝ እጥረቱ ፈጥኖ ይታያል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳይከፈል መቅረቱ፣ አበዳሪዎችን በእኩል ለማስተናገድ የተወሰደ ውሳኔ መሆኑ ቢገለጽም፣ የክምችቱን መሳሳት ያመለከተ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት ከ74 ብር በላይ፣ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር በላይ ሆነ።

በአዳማ ገበያ የሚሸጠው ቲማቲምና ሽንኩርት ከመቂና ከባቱ (ዝዋይ) አካባቢ የሚመጣ የአገር ውስጥ ምርት ሆኖ ሳለ ከዶላር ጋር ምን አገናኘው የሚለው የሸማቾች ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ማሳው ላይ ነው። ምርጥ ዘሩ፣ ፀረ ተባዩ፣ ማዳበሪያው፣ ውኃ የሚስበው ሞተርና ናፍጣው በአብዛኛው ከውጭ ይገባሉ። ምርቱን የሚያጓጉዘው አይሱዙም ጎማና መለዋወጫ ይፈልጋል። አንዱ የምንዛሪ ለውጥ ቲማቲሙ ገበያ እስኪደርስ ድረስ በየደረጃው ይደመራል። ይህ ምክንያት ግን ለውጡ ከመምጣቱ በፊት ተገዝቶ መጋዘን የገባን ዘይት በማግስቱ አስወድዶ ለመሸጥ አያገለግልም።

የባቱ የአበባ እርሻዎች ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ላኪው በውጭ ገንዘብ ስለሚሸጥ፣ የግብዓት ወጪው ቢጨምርም፣ በብር የሚያገኘው ገቢ ከፍ ይላል። ሠራተኛው የሚከፈለው ግን በብር ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮም ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው የግል ድርጅት ሠራተኞችን አይመለከትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል፤ ወለሉ እስኪወሰን ድረስ ለአበባ ለቃሚዋ ዋናው መንገድ በማኅበር ተደራጅቶ በኅብረት ስምምነት መደራደር ነው። የኑሮ ውድነቱ ጫናም ይህንን የኅብረተሰብ ክፍል ይነካል።

ሸማቾችን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ የመለጠፍና ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ከተለጠፈው ዋጋ በላይ የተጠየቀ ወይም ደረሰኝ የተከለከለ ሸማች የዕቃውን ዓይነት፣ ቀኑንና የሱቁን አድራሻ ይዞ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል።