ጥፋተኛው አስቀድሞ የታወቀበት አፈርሳታ

የንባብ ሳምንት በተከፈተ ቁጥር አንድ ዐረፍተ ነገር አይቀርም፤ «ተማሪው አያነብም»። ሪባን ይቆረጣል፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ ይጎበኛል፣ የእጅ ስልክ ይወቀሳል። ከዚያ ሁሉም ወደየቢሮው። እዚህ ጉራጌ የወልቂጤም የቡታጅራም ተማሪ ይህን ወቀሳ በቃሉ ያውቀዋል።

ለወቀሳው ማስረጃ ሲጠየቅ የሚመዘዘው የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። በመስከረም 2016 ይፋ በሆነው ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ስለ ልብ ወለድ ንባብ ግን ምን ይናገራል? ምንም። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይፈተናል። አማርኛ የለም፤ ሥነ ጽሑፍማ ጭራሽ አልተጠራም። የእንግሊዝኛው ፈተና ምንባብ አለው፤ ከምንባቡ በኋላ የሚጠበቀው ግን ከአራት ፊደል አንዱን መርጦ ማጥቆር ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሌሊቱን ሙሉ አንብባ የጨረሰች ተማሪ ትኑር እንበል። ጉዱ ካሳን እብድ ያሰኘው የራሱ ጠባይ ነው ወይስ የአገሬው ፍርሃት ብላ ከጓደኛዋ ጋር ስትከራከር አድራለች። ጠዋት መልስ መስጫ ወረቀቱ ፊት ስትቀመጥ መጽሐፉን ገልጦ ከማያውቀው ልጅ በምን ትለያለች? የሚጠይቃት የለም። ያልተጠየቀን ነገር «አልመለሰም» ብሎ መውቀስ ደግሞ ከንባብ ይልቅ ከድፍረት የሚመደብ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና የአምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ግሪኩ ገዥ ስለ ዲዮኒሲየስ ተውኔት ጽፎ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት አሳይቷል። የባዕድ አገር ታሪክ ሰምቶ በአራት ምርጫ አልመለሰም፤ መድረክ ላይ አወጣው። ኋላ «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ ያመጣው ያው ልጅ ነው።

ጉራጌም ቢሆን ምሳሌ ፍለጋ አምቦ ድረስ መሄድ የለበትም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመጀመሪያ ልብ ወለዱን የጻፈው በአፍ መፍቻው ጉራጌኛ፣ በቸሃ ነው፤ ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት በ1964 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ታተመ። ቀጥሎ በእንግሊዝኛ የጻፈው መጽሐፍ ርእሱ ራሱ «አፈርሳታ» ነው፤ የአንድ ገበሬ ጎጆ ይቃጠላል፣ መንደርተኛው ጥፋተኛውን ለማውጣት በአፈርሳታ ይሰበሰባል፣ ይጠያየቃል፣ ደግሞ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው አይገኝም። ለክፍል ክርክር ከዚህ የተሻለ ምን ይምጣ? በአንደኛው ወገን «ሥርዐቱ ከሸፈ» የሚል፣ በሌላው «መሰብሰቡ ራሱ ፍርድ ነው» የሚል ተማሪ መነሣቱ አይቀርም፤ ሁለቱም ገጽ እየጠቀሱ ይሟገቱ ነበር። መጽሐፉ በእጃቸው ቢኖር።

የንባብ ሳምንቱም አፈርሳታ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ጥፋተኛው ሸንጎው ሳይቀመጥ መታወቁ ነው። ሥርዐተ ትምህርት ያወጣው፣ ፈተና ያዘጋጀው፣ የቤተ መጻሕፍት በጀት የያዘው «እኔ አላየሁም» ብሎ መማል እንኳ አይጠበቅበትም፤ ጠያቂው እሱ ነውና።

ይህ ማለት ግን ተማሪው ያነባል ማለት አይደለም። ላያነብ ይችላል። ነገ ፈተናው አንድ ገጽ ሐተታ ጻፉ ቢል እንኳ በመቶ ሺዎች የሚቆጠረውን ወረቀት የሚያርመው ማን ነው? ብዙው መምህር እሱም በማጥቆር ያለፈ ነው። የራሱን አስተያየት እንዲጽፍ ተጠይቆ የማያውቅ ሰው የልጁን አስተያየት በምን ይመዝነዋል? ለዚህ መልስ ያለው የወልቂጤ ወይም የቡታጅራ መምህር ካለ ይጻፍ፤ ምርጫ አልተቀመጠለትም።