ቁልፉ በማን እጅ ነው?

በሙጃ ገበያ አንድ ሰው ገብሱን በጨው ቢለውጥ፣ ሁለቱ ወገኖች እዚያው ቆመው ይቀባበላሉ፤ አንዱ እምቢ ቢል ሌላው ገብሱን ጭኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዘመን ባመጣው የክሪፕቶ ገንዘብም፣ በአንድ ብሎክቼይን ማለት በአንድ መዝገብ ውስጥ ቶከን በቶከን ሲለወጥ ሥርዓቱ እንዲሁ ነው፤ መስጠቱና መቀበሉ ባንድነት ይፈጸማል፤ አለዚያ ሁለቱም ይቀራል።

ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው መሻገር ግን ሌላ ነው። መዝገቦቹ ስለማይተያዩ፣ ድልድይ በሚባለው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቶከን በአደራ ተቆልፎ በወዲያኛው በኩል ምትኩ ይሰጣል። ይኸውም ገብስን ሙጃ ጎተራ አስቀምጦ ላሊበላ ላይ በደረሰኙ እንደ መገበያየት ነው፤ ጎተራው ከተዘረፈ ደረሰኙ ምን ይረባል? በመጋቢት 2014 ዓ.ም. በሮኒን ድልድይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ሌቦች ከ9 ቁልፎች 5ቱን ይዘው ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰዱ።

በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። እንግዲህ የተዘረፈ ሰው አቤት የሚልበትን ደጅ ማግኘቱ ያጠራጥራል። ስለዚህ ወጣቱ ትርፉን ከመቁጠሩ በፊት ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ይጠይቅ። ለጥቂት ብር ብድር ዋስ የምንጠይቅ ሰዎች፣ ስሙን ለማናውቀው ጠባቂ ሀብታችንን ማስረከብ አይገባንም።