ስለ ግልገል ዓባይ ረግረግ፤ ለጣና ሐይቅ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡራን የጣና ሐይቅ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ኃላፊዎች፤

ከሰከላ ምድር፣ አበው ግዮን ብለው ካከበሩት ምንጭ ተነሥቶ የጎጃምን ደጋ የሚወርደው ግልገል ዓባይ ጣና በሚገባበት ስፍራ ስላለው ረግረግና በዚያ ስለሚኖሩት አዕዋፍ ጥቂት ነገር እንዳመለክት ትፈቅዱልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ወንዙ ከዘጌ ባሻገር ወደ ቁንዝላ በኩል ሐይቁን ሲያገኝ ጕልበቱ ይደክማል፤ ከየተራራው ጠርጎ ያመጣው ደለልም በግራና በቀኙ እየሰፈረ፣ ከዘመን ወደ ዘመን እየረዘመ፣ ወደ ጣና ዘልቆ የገባ ጠባብ ምድር ሠርቷል። በዚህ ምድር ላይ የሚራመድ ሰው በአንድ ወገኑ የደፈረሰውን የወንዝ ውኃ፣ በሌላው ወገኑ ደንገልና ፊላ የከበበውን ጸጥተኛ የሐይቅ ውኃ እያየ ይሄዳል። ስፍራውን በሞተር ጀልባ ያለፈ ሰው ግን አይቶታል ለማለት አይቻልም፤ የረግረግ አዕዋፍ የሚገለጡት በእግሩ ለሚሄድ፣ ሄዶም ለሚቆም፣ ቆሞም ዝም ለሚል ሰው ነውና። ጃካና የሚባለው ወፍ ጣቶቹ ከመጠን በላይ ረጃጅሞች ስለ ሆኑ ክብደቱ ተከፋፍሎለት፣ በውኃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል እንደ ደረቅ ምድር ይራመዳል፤ እንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩቶቹን የሚያሳድገው አባትየው ሲሆን፣ አደጋ ሲመጣ በክንፎቹ ሥር ሰብስቦ ይሸከማቸዋል፤ ከብብቱ የተንጠለጠሉትን እንደ ክር የቀጠኑ እግሮች ለማየት የታደለ ሰው ፈጣሪውን ሳያመሰግን አያልፍም።

ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም አንገት አዕዋፍማ የዚህ አገር ጌጥ ናቸው። ራሱ ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ዘውድ የተቀዳጀው ጥቁሩ ክሬንና ከጉንጩ ሥር ሥጋ የተንጠለጠለው ትልቁ ክሬን በአገራችን ተፈልፍለው በአገራችን የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ግራጫዎቹ ደግሞ ከሩስያና ከሰሜን አውሮፓ ረግረጎች ብርዱን ሸሽተው በብዙ ሺሕ እየሆኑ ወደ ጣና ዳርቻ ይመጣሉ። ቀን በታጨደው ማሳ የወደቀውን እህል እየለቀሙ ይውላሉ፤ ሲመሽ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ አውሬ ሲቀርብ ውኃው ይነግራቸዋልና። ስለዚህ ማደሪያቸው የተነካባቸው እንደ ሆነ፣ ማሳው በእህል ቢሞላ እንኳ አይጠቅማቸውም።

የጣና ሐይቅና አካባቢው በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ መግባቱ ታላቅ ክብር ነው፤ ነገር ግን መዝገቡ ደንገሉን ከማጭድ፣ የወፉን ጎጆም ከከብት ኮቴ አይከላከልም። ውኃው በሸሸ ቍጥር እርሻው ይከተለዋል፤ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ እምቦጭ የተባለው አረም ያደረሰውን ጥፋትም ሁላችን አይተናል። በዚህ ሁሉ ገበሬውን የምንወቅስበት ፊት የለንም፤ መሬት የጠበበው፣ ልጆቹን ማብላት ያለበት ሰው ነውና፣ ስለ አዕዋፍ ሲባል ተነሣ ከማለት በአዕዋፍ ምክንያት የሚያገኘውን ሲሳይ ማሳየት ይሻላል።

ምሳሌውም ሩቅ አይደለም። በዘጌ፣ አቡነ በትረ ማርያም እንደ ሠሩት በሚነገረው ሥርዓት መሠረት በሬ ተጠምዶ አይታረስም፤ ሕዝቡ በቡናውና በፍራፍሬው ሲኖር ደኑም እስከ ዘመናችን ደርሷል። ያን ደን ያቆየው ሕዝቡ የራሱ ያደረገው ሥርዓት ነው እንጂ ዘበኛና አጥር አይደለም።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው። በወንዙ ዳር፣ ከውኃው ከፍ ባለው ምድር ላይ፣ የእግረኛ መንገድ ይከለል፤ ሬንጅም ሲሚንቶም አይፍሰስበት። ክሬኖቹ በሚያድሩበት ስፍራ ከጥቅምት እስከ የካቲት ማንም እንዳይቀርብ በቀበሌው ሽማግሌዎች ምክር ይደንገግ፤ ተመልካቹ ከሩቅ የሚያይባት ከደንገልና ከእንጨት የተሠራች አንዲት መጠለያ ትበቃዋለች። መንገድ መሪዎቹ የዚያው ስፍራ ልጆች ይሁኑ፤ በተለይም ደንገል አጭደው ታንኳ በመሥራት ሐይቁን ከማንም አስቀድመው የሚያውቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች አይዘንጉ፤ የመግቢያው ገንዘብም ከዚያው ሳይወጣ ለዚያው ሕዝብ ይዋል። ወደዚያ የሚሄደው እንግዳም ይሁን የባሕር ዳር ተማሪ ያለ ሥጋት የሚራመደው ሰላም ሲኖር እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ሰላሙ እስኪጸና ድረስ ግን የማደሪያውን ድንበር መለየትና ከገበሬው ጋር መምከር የሚከለክል ነገር ያለ አይመስለኝም።

ክቡራን ሆይ፤ ደንገሉ ከታረሰ በኋላ የሚወጣ ደንብ ለማንም አይጠቅምምና፣ ግራጫዎቹ ክሬኖች በጥቅምት ሲመለሱ ማደሪያቸው ተከልሎ እንዲቆያቸው ከአሁኑ እንድታዝዙ በትሕትና አሳስባለሁ።