የገበሬውን መዝገቦች ወደ አንድ ስለ ማዋሐድ

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከከበቧት ከተሞች መካከል ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ተጠቃልለው ሸገር ከተማ በተባለው አንድ አስተዳደር ሥር ገብተዋል። አስተዳደሮችን በአንድ ውሳኔ አንድ ማድረግ ይቻላል። መዝገቦቻቸውን አንድ ማድረግ ግን ከውሳኔው በኋላ የሚጀመር ሌላ ሥራ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረውም ስለዚሁ ሥራ ነው።

በእነዚህ ከተሞች ዳርቻና በሚያዋስኗቸው የገጠር ቀበሌዎች የሚኖር ገበሬ ስሙ ስንት ቦታ እንደ ተጻፈ እንቁጠር። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የሚይዘው መዝገብ አለ። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ሽያጭ የሚጽፍበት ደብተር አለ። የመሬት አስተዳደር የይዞታ መዝገብ፣ የግብር ከፋዮች ዝርዝር፣ የእንስሳት ክሊኒኩ የክትባት መዝገብ አለ። ከማሳው የአፈር ናሙና ተወስዶ እንደሆነ በላቦራቶሪው ዝርዝር ውስጥም አንድ መስመር ይኖረዋል። ሁሉም ስለ አንድ ሰው ይናገራሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይተዋወቁም። ስለዚህ ገበሬው ይኸንኑ ስሙን፣ የቤተሰቡን ቁጥርና የማሳውን ስፋት በየቢሮው እየዞረ ሲያስመዘግብ ይኖራል።

እነዚህን ሁሉ ወደ አንድ የመረጃ ቋት የማስገባቱን ሐሳብ እንደግፋለን። የገበሬዎች ምዝገባ ከፋይዳ መታወቂያ ጋር እንዲያያዝ መደረጉም ዘግይቶ የመጣ በጎ ነገር ነው እንላለን። የማንስማማው በሥራው ቅደም ተከተል ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ደብተሮቹን ሰብስቦ ለአንድ ጸሐፊ መስጠት፣ ጸሐፊው በኮምፒዩተር አንድ ረጅም ዝርዝር እንዲያወጣ ማድረግና ደብተሮቹን ወደ ዕቃ ቤት መወርወር ነው። ነጭና ቀይ ጤፍ አንዴ ከተደባለቀ ሰርገኛ ይባላል እንጂ ማንም ተቀምጦ አይለቅመውም። መዝገብም እንደዚሁ ነው። በእኛ አስተያየት መዝገቦች መያያዝ አለባቸው፣ መደባለቅ የለባቸውም፤ ሳይስማሙ ሲቀሩም እርቁ የሚፈጸመው ገበሬው ባለበት ነው።

ችግሩ ከስም ይጀምራል። በአገራችን የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሦስት አራት ሰዎች ቢገኙ አያስደንቅም። በዚህ ላይ የፊደሉ ጣጣ ይጨመራል። ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ ለሰው ጆሮ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ሦስት ናቸው። ዓለሙና አለሙ፣ ሥዩምና ስዩምም እንዲሁ። በሦስቱ ከተሞች ደግሞ ገሚሱ መዝገብ በአማርኛ፣ ገሚሱ በኦሮምኛ ቁቤ፣ ገሚሱ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የተያዘ ነው። በቁቤ የተጻፈውን ጫላ የሚለውን ስም ቁቤ የማያውቅ ጸሐፊ ካላ ብሎ ሊያነበው ይችላል። ጥላሁን በእንግሊዝኛው አጻጻፍ በቲ፣ በቁቤ ግን በኤክስ ስለሚጀምር በፊደል ተራ ሲደረደር ሁለቱ በተለያየ ቦታ ይገኛሉ። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቀው ጎረቤቱ ብቻ ነው። (የወተት ላም በዚህ በኩል ከባለቤቷ ትሻላለች፤ የጆሮ ቁጥር ካላት በየትኛውም መዝገብ ያው ራሷ ናት።)

ከሦስቱ ከተሞች በአንደኛው አጠገብ ባለ ቀበሌ ያየነውን እንንገር። የማኅበሩ የማዳበሪያ ደብተርና የይዞታ መዝገቡ በስም እንዲጣጣሙ ተደርጎ አንድ ዝርዝር ወጣ። ያልተጣጣሙት ስሞች ያልተሟላ መረጃ ተብለው ተሰረዙ። በሰኔ ማዳበሪያ ሲታደል አንዲት እናት አህያቸውን እየነዱ መጡ፤ ስማቸው ግን የለም። ነገሩ ሲመረመር ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የይዞታ ደብተሩ ወደ እሳቸው ስም ተዛውሯል፤ የማኅበሩ ደብተር ግን እስከዚያ ቀን በሟቹ ስም ነበር። ኮምፒዩተሩ መሬት የሌለው አንድ ወንድና ማዳበሪያ ወስዳ የማታውቅ አንዲት ሴት አገኘና ሁለቱንም ጣለ። የሞቱት ባለቤታቸው እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ ለማስረዳት ሦስት ቀን ተመላለሱ። ጤፍ ሦስት ቀን ይጠብቃል፤ ሦስት ሳምንት ቢሆን ግን አይጠብቅም ነበር።

ቀንና መስፈሪያም እንደ ስሙ ያሳስታሉ። በአንድ ዓምድ ላይ 2012 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ይሁን በአውሮፓውያን ካልተገለጸ በመካከሉ ሰባት ስምንት ዓመት ይገባል። ገበሬው ማሳውን በቀርጥ ይናገራል፤ አራት ቀርጥ አንድ ሄክታር ነው ብለን እናባዛለን፤ የይዞታ መዝገቡ ግን በመሣሪያ የተለካውን ይዟል። ሁለቱ ባይገጥሙ ማናቸውም ዋሽተዋል ማለት አይደለም። በማዳበሪያ ደብተር ላይ 2 ተብሎ ሲጻፍም ሁለት ኩንታል ይሁን ሁለት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት የሚያውቀው የጻፈው ሰው ነው፤ እርሱም ምናልባት ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል።

እዚህ ላይ ለሙያችን የቀረበ አንድ ነገር እንጨምር። ከ2007 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዳፕ ለኤንፒኤስ ቦታውን ለቋል። አንድ ኩንታል ዳፕ 18 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ የፎስፎረስ ኦክሳይድ ይይዛል። አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ 38 ኪሎ የፎስፎረስ ኦክሳይድና 7 ኪሎ ድኝ አለው። የማዳበሪያው ዓይነት ሳይጻፍ የቀድሞውና የአሁኑ ደብተር በአንድ ዓምድ ከተደመረ ገበሬው በየዓመቱ ያንኑ አንድ ኩንታል የጨመረ ይመስላል። በእውነቱ ግን በየኩንታሉ 8 ኪሎ የፎስፎረስ ኦክሳይድ ቀንሶ፣ ቀድሞ ያልነበረውን ድኝ አግኝቷል። በእንዲህ ያለ ድምር ላይ ተመሥርቶ ስለ ምርት መጨመርና መቀነስ የሚሰጥ ምክር ከግምት አያልፍም።

የአፈሩ መረጃ ይበልጥ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከቡራዩ አልፎ እስከ ሆለታ ባለው ደጋ ቀዩ አፈር በኮምጣጣነቱ የታወቀ ስለሆነ ኖራ የሚያስፈልገው ማሳ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። የአፈር ኮምጣጣነት በንጹሕ ውሃም ይለካል፣ በፖታሲየም ክሎራይድም ይለካል። የኋለኛው ንባብ ብዙ ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ነጥብ ዝቅ ይላል። ሁለት ላቦራቶሪዎች በየራሳቸው ዘዴ የለኩትን አንድ ዓምድ ውስጥ ብንከታቸው አንዱ ቀበሌ ከሌላው የከፋ መስሎ ይታየንና ኖራውን ወዳልተራበው ማሳ እንልካለን። ፎስፎረስም ቢሆን በኦልሰን፣ በብሬይ ወይም በሜህሊክ 3 ዘዴ ሲወጣ ቁጥሩ የተለያየ ነው። የናሙናው ቦታም አለ። የቀድሞዎቹ የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በተባለው መነሻ የተሠሩ ሲሆኑ የዛሬው የእጅ ጂፒኤስ ግን ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በተባለው ይሠራል። በሁለቱ መካከል ያለው መዛነፍ 200 ሜትር ያህል ነው። ከጎረቤት ማሳ አልፎ ወንዝ ያሻግራል።

ይህ ሁሉ ማዋሐድ አይቻልም ለማለት አይደለም። በአገራችን በሚገባ የተሠራ ምሳሌ አለ። የአፈርና የአግሮኖሚ መረጃ ለመጋራት የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች በየመሥሪያ ቤቱ ተበትነው የነበሩ 20,000 ያህል የአፈር መገለጫዎችን በአንድ ቋት አሰባስበው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2024 አሳትመዋል። መረጃውን አጽድተው በአንድ ቅጽ ካስተካከሉ በኋላ ለትንተና የበቃው 14,681 ነበር። በዚህም 18 የአፈር ዓይነቶችን በ250 ሜትር ጥራት የሚያሳይ ካርታ ወጣ። ከዚያ በፊት በእጅ የነበረው እ.ኤ.አ. የ1984 ካርታ ሚዛኑ አንድ ለሁለት ሚሊዮን ነበር። ትርፉ ትልቅ ነው። ነገር ግን በላብ ከተቆፈረውና ከተጻፈው ከአራት አንድ የሚበልጠው ለትንተናው ሳይደርስ መቅረቱንም ልብ ይሏል። አፈር ሲሆን በካርታው ላይ ክፍተት ይቀራል። ገበሬ ሲሆን ግን የተጣለው ሩብ የሚበላ ሰው ነው፤ ስለዚህ የአፈሩን መንገድ እንዳለ ለሰው ልንወስደው አንችልም።

በከተማ ዙሪያ ነገሩ ይበልጥ የሚከብድበት ምክንያት አለ። ዛሬ ስንዴ የበቀለበት ማሳ ነገ ለመንገድ ወይም ለፋብሪካ ሊፈለግ ይችላል። ቀድሞ አዋጅ ቁጥር 455/1997 ይዞታውን ለዘለቄታ ለሚለቅ ገበሬ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በ10 ተባዝቶ እንዲሰጠው ያዝ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ለማያገኘው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በ15 እንዲባዛ ደንግጓል። እንግዲህ በአንድ ቀበሌ መዝገብ ላይ ስድስት ኩንታል ጤፍ፣ በማኅበሩ ደብተር ላይ ደግሞ ስምንት ኩንታል የተጻፈለት ገበሬ አለ እንበል። ጸሐፊው ሁለቱን ሲያዋሕድ ስድስቱን ቢያስቀር ገበሬው ያጣው ሁለት ኩንታል ሳይሆን የሠላሳ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ነው። ስምንቱ የት እንደ ገባ የሚያሳይ ደብተር ካልተቀመጠ አቤት የሚልበት ማስረጃም የለውም።

ስለዚህ እንዲህ ቢደረግ እንላለን። ሰው በቁጥር ይያያዝ። ፋይዳ ያወጣ ገበሬ ባለ 12 አኃዙ ቁጥር፣ ያላወጣው ደግሞ የማኅበር አባልነት ቁጥሩ ከቀበሌው ስም ጋር ያገልግለው። መሬቱ ከሰውየው የተለየ የራሱ ቁጥር ይኑረው፤ አንድ ሰው ሦስት ቦታ ማሳ ሊኖረው፣ አንዱም ማሳ በባልና በሚስት ስም የተያዘ ሊሆን ይችላልና። ከየደብተሩ የሚገለበጠው ቃል፣ ስህተት ቢመስልም እንኳ፣ እንደ ተጻፈው ይገልበጥ፤ እርማቱ በአጠገቡ ባለ ሌላ ዓምድ፣ ከታረመበት ቀንና ከአራሚው ስም ጋር ይግባ። መስፈሪያው፣ የዘመን አቆጣጠሩ፣ የማዳበሪያው ዓይነትና የላቦራቶሪው ዘዴ የየራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው። ስሙ ያልተጣጣመ ገበሬ አይሰረዝ፤ ገና ያልተጣራ ተብሎ ይያዝና እስኪጣራ ድረስ በቀድሞው ደብተር መሠረት ይስተናገድ። ከላይ የጠቀስናቸው እናት በዚህ ደንብ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ማዳበሪያቸውን ጭነው ይመለሱ ነበር።

ያልተጣጣሙት ስሞች በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበቡ። አንድ ሽማግሌ ከወንበሩ ሳይነሣ የሚፈታውን ኮምፒዩተር በሳምንት አይፈታውም። የሚነበበው ግን ስም ብቻ ነው። የማሳው ስፋት፣ የብድሩ ዕዳና የገቢው መጠን የገበሬው የግል ጉዳይ ነው። ይህን የሚጠብቅ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሁሉም በአንድ ቋት ሲገባ የሚያየው ዓይን እንደሚበዛም መዘንጋት አይገባም።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፣ ማዳበሪያው ግን አይጠብቅም የሚሉ ባልደረቦች አሉን። እውነት አላቸው፤ በግንቦትና በሰኔ ከተጀመረ አይደርስም። ውቂያ አልቆ ምርት ጎተራ ከገባ በኋላ ያሉት ጥርና የካቲት ግን ለዚህ የተመቹ ናቸው። ሥራውን በመላው ወረዳ ከመጀመርም በአንድ ማኅበርና በአንድ ቀበሌ ሞክሮ፣ ስንት ስም እንዳልተጣጣመ ቆጥሮ መቀጠል ይሻላል። ገና በመጀመሪያው ቀበሌ ምንም ችግር አልተገኘም የሚል ሪፖርት ከመጣ እኛ ብንሆን ደብተሮቹን እንደ ገና እናስወጣለን።

እስከዚያው ማኅበራት የቆዩ ደብተሮቻቸውን ይጠብቁ። በብዙ መጋዘን ውስጥ ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀምጠው አይተናል። ዩሪያ እርጥበት ስለሚስብ ወረቀቱ ይለሰልሳል፣ ቀለሙም ይለቃል። ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ አይጥ በማይደርስበት ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ፣ በየዓመቱ ተለይተው ይቀመጡ። በሽፋናቸው ላይም ዓመተ ምሕረቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ።