የተቀጠሩት ተቆጠሩ፤ የለቀቁትስ?

የኢንዱስትሪ ፓርኮች ሪፖርት ሲቀርብ ከፊት የሚቀመጠው የተፈጠረው የሥራ ዕድል ነው። ቁጥሩ ዓመት በዓመት ይደመርበታል እንጂ አይቀነስበትም። በመስከረም ገብታ በኅዳር የለቀቀች ልጅ አንድ ተብላ ተቆጥራለች። በታኅሣሥ እሷን የተካችውም እንዲሁ አንድ ተባለች። የስፌት መኪናው ያው ነው፣ ወንበሩም ያው ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሁለት ሰው ሥራ አግኝቷል።

ይህን ለፋብሪካ አለቆች ያነሣ ሰው መልሱን ወዲያው ያገኛል፦ «ልጆቹ የኢንዱስትሪ ባህል የላቸውም»። ለቅሶ አለብኝ ብለው ይቀራሉ፣ ሰርግ አለ ብለው አገር ቤት ይገባሉ፣ ደመወዝ በገባ ማግስት ስልካቸውን ዘግተው ይጠፋሉ። ሁሉም እውነት ነው፤ ይደረጋል። ባህል የሚለውን ማብራሪያ ግን አልቀበልም። በእኔ ግምት አብዛኞቹ የሚለቁት ሒሳቡን ሠርተው ነው።

መጀመሪያ ግን ሥራውን እንየው። የልብስ ፋብሪካን ከውስጡ ላላየ ሰው የሚከብደው ሸሚዝ የሚሰፋ ሰው አለመኖሩን መቀበል ነው። አንዷ ኮሌታ ትገጥማለች፤ ሌላዋ እጅጌ ታያይዛለች፤ ከእሷ ቀጥላ ያለችው የአዝራር ቀዳዳ ትከፍታለች፤ ቀኑን ሙሉ ያንኑ። ይህ ሰልፍ «ላይን» ይባላል። ከላይኑ ራስ ላይ ሰሌዳ ቆሟል፤ በየሰዓቱ ታርጌቱና የወጣው ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፍበታል። ቁጥሩ ካነሰ ሱፐርቫይዘሩ ይጮኻል፤ እሱም የሚጮኽበት አለው። አንዷ ለሽንት ብድግ ካለች እፊቷ ያለው ጨርቅ ይቆለላል፣ ቀጥላ ያለችው ደግሞ ሥራ ፈትታ ትቀመጣለች፤ ሰሌዳው ላይ ግን የሚታየው የሁሉም ጉድለት ነው። ስለዚህ መሄድ ማለት ጓደኛን ማስወቀስ ይሆናል። አንዲት የቀድሞ ኦፕሬተር ፋብሪካ በነበረችበት ጊዜ ጠዋት ሻይ መጠጣት ትታ እንደነበር ነግራኛለች። የከለከላት ሰው አልነበረም። ከጓደኞቿ ዓይን ሽሽት ነበር።

የገበሬ ልጅ ሥራ አይፈራም። እንጨት መልቀም፣ ውሃ መቅዳት፣ አረም ማረም ከስፌት የቀለለ አይደለም። ግን እዚያ ወገብ ሲደክም ቀና ይባላል፤ የሚያስቆጣም ካለ እናት ናት።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአገሪቱ መታያ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ስለ ፓርኩ ባወጡት ሪፖርት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጻፉ፤ ልብስ አምርተው ለውጭ ገበያ ከሚልኩ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። በወቅቱ ምንዛሪ ወደ 750 ብር ነው። እስቲ የደመወዙን ወረቀት እንዘርዝረው። ከ600 ብር በላይ ያለው ግብር ይከፈልበት ስለነበር 15 ብር ይሄዳል። የጡረታ መዋጮዋ 7 በመቶ ነው፤ 52 ብር ከ50 ሳንቲም። እጇ የሚገባው 682 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ሳሙና፣ ለእናት የሚላክ። ምሳና ሰርቪስ የሚችሉ ድርጅቶች አሉ፣ ያም ባይኖር ወሩ አይገፋም። የቀረው መላ ደባል ሆኖ መኖር ነው፤ ለሦስት ለአራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፣ ፈረቃ ከተለያዩ ፍራሹ ራሱ በየተራ ይሆናል።

ኦቨርታይም አለ ይባላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈል ይላል፤ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥም ይከለክላል። በዚያ ደመወዝ ቢሰላ አንዱ የትርፍ ሰዓት 5 ብር ከ40 ሳንቲም አካባቢ ነው። ሲመሽ ከፓርኩ በር እስከ ቤት የሚያደርስ ባጃጅ ስንት እንደሚጠይቅ ሐዋሳ ያለ አንባቢ ይንገረኝ።

በብዙ ፋብሪካዎች «አቴንዳንስ» የሚባል ጉርሻ ደግሞ አለ፤ ወሩን ሙሉ ሳትቀር ለመጣች ይሰጣል። የታሰበው ቀሪን ለመቀነስ ነው። ግን አንድ ቀን ታማ የቀረች ልጅ የወሩን ጉርሻ በሙሉ ታጣለች፤ ከዚያ በኋላ ለምን ትጠንቀቅ? ሁለተኛውን ቀን ለቅሶ ትሄዳለች፣ ሦስተኛውን ታርፋለች። አለቃው ይህንን አይቶ «ባህል የላቸውም» ይላል።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደመወዙ ጨምሯል፤ ገበያውም አብሮ ጨምሯል፣ ያውም በሌላ ፍጥነት። ከግብር ነፃ የነበረው 600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ዘገየ፤ ቢሆንም ደግ ተደረገ።

ልጆቹ ተሳስተው እንደማይለቁ የሚያሳይ ጥናት አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፋፈሉ። ለአንዳንዶቹ የፋብሪካው ሥራ ደረሳቸው፤ ሌሎቹ አጭር ሥልጠናና 300 ዶላር ግድም መነሻ ገንዘብ ተሰጣቸው፤ የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለቀቁ። ገቢያቸው ፋብሪካ ካልገቡት አልተሻለም፣ ከባድ የጤና ችግር የገጠማቸው ግን ወደ እጥፍ ተጠጋ። በዚያው ዓመት መነሻ ገንዘብ የወሰዱት ገቢ በሲሶ ያህል አደገ። ለፍትሕ ያህል ልጨምር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ የሦስቱም ወገን ልዩነት ጠፍቶ ነበር። ገንዘቡም ፋብሪካውም ሕይወት አልለወጡም። ለዛሬው ጥያቄ ግን መልሱ ይበቃል፦ ጉልት መቸርቸርና የቀን ሥራ የሚከፍለውን ያህል ለሚከፍል ቦታ ነፃነቱን የሚሸጥ ሰው ጥቂት ነው። ዓረብ አገር ይሻለኛል የምትለዋም ከዚሁ ተነሥታ ነው የምታሰላው።

ይህ አገር ፋብሪካን የሚወድ ሠራተኛ አጥቶ አያውቅም። የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ስሙ በኳስ ሜዳ ይጠራ ነበር፤ ክለቡ «ኮተን» የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣው ብሔራዊ ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ለኮተን የተጫወተ ሰው ነው። በወንጂም የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ስኳር ማምረት ከጀመረበት ከ1946 ዓ.ም. ወዲህ በፋብሪካው ዙሪያ መንደር፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ የኳስ ቡድን ተተክሏል፤ አባት ከሠራበት ልጅ ይቀጠር ነበር። ገነት ነበር አልልም። የወንጂ ሠራተኞች ለዓመታት ሲጠጡት የኖሩት የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለበዛበት የብዙዎቹን ጥርስ አበላሽቷል፣ ጀርባቸው የጎበጠም አሉ። ይህን ሁሉ ችለው የቆዩት ግን ቤት ስለነበራቸው፣ ልጅ ስላስተማሩ፣ «የወንጂ ሰው» መባል ስለሚያኮራ ነው። ዛሬ በየፓርኩ ሼድ የምትሠራ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ፓርኩ አጥር ውስጥ አልጋ የላትም፣ ልጅ ብትወልድ የምታስቀምጥበት በብዙ ቦታ የላትም። የሚያኮራት ስም ማን ሰጣት?

ባለፋብሪካውም የራሱ ጣጣ አለበት፤ አልክድም። መብራት ሲጠፋ ላይኑ ይቆማል፣ ጨርቅና ክር ከውጭ ነው፣ ዕቃው ጂቡቲ ለመድረስ ቀናት ይፈጃል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሐዋሳ ፓርክ ፊታውራሪ የነበረው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ፒ ቪ ኤች በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ ከአጎዋ አስወጣች። ያ ሁሉ የደረሰው ግን ደመወዝ ስለበዛ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ምርቱን በዶላር ሸጦ ደመወዝ በብር ለሚከፍል ድርጅት የሠራተኛው ወጪ በዶላር ሲሰላ ግማሽ ያህል ቀለለ ማለት ነው። ግብዓቱ ተወደደበት ቢባል እንኳ ከሠራተኛው የተረፈችው የት ገባች ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ራሱ የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛው ደመወዝ በየጊዜው ይወሰናል ይላል። ከዚያ ወዲህ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ሜይ ዴይ በመጣ ቁጥር ይጠይቃል፣ መልሱም «እየተጠና ነው» ነው። ማኅበር ለመመሥረት ሕጉ የሚጠይቀው 10 ሠራተኛ ብቻ ነው፤ ግን በየሁለት ወሩ ሰው በሚቀያየርበት ላይን ላይ ማን ማንን አውቆ ይደራጃል? ስለዚህ ልጅቱ የሚቀራት መደራደሪያ እግሯ ነው። ጥላ ካልሄደች የሚሰማት የለም፤ ስትሄድም ሪፖርቱ ትርፍ ያደርጋታል።

«ኢትዮጵያ ታምርት» ንቅናቄ ባለበት ወቅት የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ከተቀጠሩት ስንቱ ከዓመት በኋላ እዚያው እንዳሉ በየፓርኩና በየፋብሪካው ይነገረን። አዲስ ጥናት አያስፈልገውም፣ አማካሪም አያስቀጥርም። እያንዳንዷ ሠራተኛ የጡረታ መለያ ቁጥር አላት፤ ከደመወዟ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዋ 11 በመቶ በየወሩ ገቢ ይደረጋል። መዋጮው የተቋረጠበት ወር የለቀቀችበት ወር ነው። መዝገቡ በማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደሩ እጅ አለ።