“ጋሼ፣ እጄን ቆረጥከው!”

ዛሬ የሰው ጉድ አላወራም፤ የራሴን ጥፋት ነው የምነግራችሁ።

ታናሽ እህቴ ሽሮ ሜዳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ማመልከቻ፣ ሲቪና የቤት ኪራይ ውል እየጻፈች ነው የምትተዳደረው። ኮምፒዩተሯ መንቀርፈፍ ሲጀምር “ቆይ፣ እኔ አለሁልሽ” አልኳት። እሑድ ቁጭ ብዬ የጻፈቻቸውን ፋይሎች በሙሉ በፍላሽ ገለበጥኩና ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንኩት። ማሽኑ በረረ! እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ሰኞ ጠዋት ደወለች። ድምጿ ይንቀጠቀጣል።

“ጋሼ፣ እጄን ቆረጥከው!”

ለካስ እሷ ሁሉንም ፊደል እየለቀመች አትጽፍም ኖሯል። ወርድ ላይ “ጉክ” ብላ ስትመታ “ጉለሌ ክፍለ ከተማ” ይወጣላታል። “ውተ” ስትል “ውል ተቀባይ”። የገጹ ጠርዝ፣ የፊደሉ መጠን፣ የመስመሩ ርቀት ሁሉ እሷ እንደለመደችው ነበር። የ6 ዓመት ልፋቷን በአንድ ከሰዓት ደመሰስኩት። ያን ዕለት አምስት ደንበኞች ተራ መጠበቅ ሰልችቷቸው ጎረቤት ሄዱ። ለዕለት ጉርስ ለሚሠራ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

“ፋይሎችሽ አሉ እኮ!” ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። ዝም አለችኝ። ዝምታዋ ከስድብ ይብስ ነበር።

ደግነቱ ስጭን ዲስኩን ፎርማት አላደረግኩትም። እንዲህ ሲሆን ዊንዶውስ አሮጌውን ዕቃ “ዊንዶውስ ኦልድ” በሚባል ፎልደር ያስቀምጠዋል። ግን ዘላለም አይጠብቅላችሁም፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ይጠርገዋል። ማክሰኞ ሮጬ ሄጄ ከዚያ ውስጥ ለቅሜ መለስኩላት።

እናንተ ግን እንደኔ አትሩጡ፤ ቀድማችሁ ያዙ። ወርድን ዝጉ። በስማችሁ ከተከፈተው ፎልደር ውስጥ የተደበቀውን “አፕዳታ”ን፣ ቀጥሎ “ሮሚንግ”ን፣ ከዚያ “ማይክሮሶፍት”ን ክፈቱ። “ቴምፕሌትስ” ውስጥ ያለው “ኖርማል” የሚባለው ፋይል የገጽና የፊደል ልማዳችሁን ይዟል። “ኦፊስ” ውስጥ በ“ኤ ሲ ኤል” የሚያልቁት አጫጭር ቃላታችሁ ናቸው። “ዩፕሩፍ” ውስጥ ደግሞ ራሳችሁ የጨመራችሁት መዝገበ ቃላት አለ። ሦስቱንም በፍላሽ ገልብጡ። ኦፊስን እንደገና ስትጭኑ ወርድን አንዴ ከፍታችሁ ዝጉና በቦታ ቦታቸው መልሷቸው።

የአማርኛ ፎንትና ኪቦርዳችሁንም አትርሱ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የላቲኑን ፊደል ቦታ ተውሰው ነበር የሚሠሩት። ስለዚህ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ ከሌለ የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ከሁሉም በላይ ግን ይቺን ያዙልኝ። የሰው መሥሪያ ከመንካታችሁ በፊት “ምን ምን ለምደሻል?” ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ፋይሏን እንጂ ልማዷን አልጠየቅኳትም። ፍቅር ያለ ጥያቄ ሲሆን እንዲህ እጅ ይቆርጣል።

አሁን ታርቀናል። ፍላሹን ግን ከእኔ ደብቃ ነው የምታስቀምጠው።