ስለ ጋማ ከብት ሥጋና ስለ ነጋዴ መታመን

በገበያ ቀን ማለዳ ወደ ሆሳዕና የሚያስገቡትን መንገዶች የተመለከተ ሰው አስቀድሞ የሚያየው የጭነት መኪናን ሳይሆን የአህያን ሰልፍ ነው። ገብሱ፣ ስንዴው፣ ባቄላው፣ ቆጮው፣ የሸክላ ዕቃውና ማገዶው ከገበሬው ደጅ ተነሥቶ ገበያ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ እንስሳ ጀርባ ነው። በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫ፣ በዶዮገና፣ በሾኔና በሆመቾም ነገሩ ይኸው ነው። ጋሪ የሚስበው ፈረስም፣ ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ቦታው ቢጠብበትም፣ ፈጽሞ ከሥራ አልወጣም። እንግዲህ የጋማ ከብትን ለሥጋና ለቆዳ ስለ መሸጥ በኢትዮጵያ ባለፉት ዓመታት የተነሣው ክርክር ለሆሳዕናና ለአካባቢዋ ነጋዴ የሩቅ ወሬ ሊሆን አይገባውም።

የነገሩ መነሻ የታወቀ ነው። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ከተማ በቻይና ባለሀብቶች የተቋቋመ የአህያ ቄራ ሥራ ጀመረ። ምርቱ ወደ ውጭ አገር እንዲላክ የታሰበ ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ ቅሬታውን አጥብቆ ስለ አሰማ፣ ቄራው ብዙ ሳይቈይ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር እንዲዘጋ ተደረገ። አንዱ ከሃይማኖቱ፣ ሌላው ከባህሉ፣ ሦስተኛውም ከአህያው ጥቅም ተነሥቶ ቢቃወምም፣ የሁሉም ድምፅ በአንድ ቦታ ተገናኘ።

ቄራውን የደገፉ ሰዎች ምክንያት ባዶ አልነበረም። ማንም ኢትዮጵያዊ ሥጋውን ብላ ተብሎ አልተገደደም፤ አገሪቱም የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋታል፤ ያረጀ አህያ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ የጅብ ራት ከሚሆን ለባለቤቱ ገንዘብ ቢያስገኝ ይሻላል ይላሉ። ከዚህም አልፈው ሥጋን መጠየፍ ካለማወቅ የመጣ ልማድ ስለ ሆነ ከጊዜ ጋር ይቀራል የሚሉ አሉ። ይህ የመጨረሻው አሳብ ግን በጥንቃቄ መመርመር ይገባዋል።

የሰው አምሮት በትምህርትና በልማድ የሚገኝ መሆኑ እውነት ነው። በካዛክስታን የፈረስ ሥጋ የክብር እንግዳ የሚስተናገድበት ምግብ ነው። በጣሊያንና በጃፓንም የሚበላው ሰው ብዙ ነው። በአውሮፓ ግን የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ ሦስተኛ በ732 የፈረስ ሥጋ መብላትን አውግዘው ነበር፤ በፈረንሳይ አገር የፈረስ ሥጋ በሥጋ ቤት እንዲሸጥ በሕግ የተፈቀደው ከዚያ ከሺህ ዓመት በላይ ቈይቶ በ1866 ነው። እንግሊዞች እስከ ዛሬ ይጠየፉታል፤ ጐረቤቶቻቸው ፈረንሳዮች ግን በግልጽ ይሸጡታል። ከሁለቱ አንዱ የሠለጠነ፣ ሌላው ያልሠለጠነ ነው የሚል ሰው አይገኝም።

በኢትዮጵያም መጠየፉ ሥር የሌለው ነገር አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ሕግ ሰኰናው ያልተሰነጠቀና የማያመሰኳ እንስሳ አይበላም፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም ይህን ጠብቀው ኖረዋል። በእስልምናም የቤት አህያ ሥጋ የተከለከለ ነው። በሀዲያና በከምባታ ቍጥራቸው የበዛው የወንጌል አማኞች የብሉይ ኪዳንን የመብል ሕግ እንደ ግዴታ ባይቈጥሩትም፣ በማዕዳቸው ላይ የፈረስም ሆነ የአህያ ሥጋ አይቀርብም። ይህም ነገሩ ከሃይማኖት ሕግ ብቻ የመጣ አለመሆኑን ያስረዳል። ፈረስ የክብር ጓደኛ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ እየተባሉ የተጠሩት በፈረሶቻቸው ስም ነው። አህያም የድኻው ረዳት ናት። ሰው ስሙን ያወሰውን ፈረስና ሸክሙን የተሸከመችለትን አህያ ለመብላት ቢያቅማማ የሚያስነቅፈው ነገር አይደለም።

ስለዚህ ለነጋዴ የሚገባው ጥያቄ የማን አምሮት ይሻላል የሚለው አይደለም። ደንበኛው የማይፈልገውን ነገር ሳያውቅ እንዳይበላ ማን ይጠብቀዋል የሚለው ነው።

በገጠር ይህ ጥያቄ ራሱን በራሱ ይመልሳል። በመስከረም የሀዲያ ያሆዴና የከምባታ መሳላ ሲደርሱ ጐረቤት ከጐረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ በሬው ታስሮ ሲቀለብ ሕፃን ሽማግሌው ያየዋል፤ ሲታረድም ሁሉ ቆሞ ይመለከታል፤ ሥጋውም በመደብ ተከፍሎ ይታደላል። እዚያ ዓይን ምስክር ስለ ሆነ ማኅተም አያስፈልግም። በከተማ ግን በሥጋ ቤት መንጠቆ ላይ የተሰቀለው ብልት ራስም ቆዳም የለውም። ገዢው የሚገዛው ሥጋውን ብቻ ሳይሆን የባለ ሱቁን ቃል ጭምር ነው። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ቤቶች በየበራቸው ምልክት አድርገው በአንድ ጎዳና ላይ በሰላም ጎን ለጎን የሚሠሩት በዚህ ቃል ነው። የግመል ሥጋም ለአፋርና ለሶማሌ የተወደደ ምግብ ሲሆን ክርስቲያኑ አይቀምሰውም፤ ነገር ግን የሚሸጠው በስሙ ስለ ሆነ ጠብ አያነሣም።

ይህ ቃል ሲፈርስ የሚደርሰውን ጥፋት አውሮፓ አይታለች። በጥር 2005 ዓ.ም. የአየርላንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን የበሬ ሥጋ ተብሎ በሚሸጥ የተፈጨ ሥጋ ውስጥ የፈረስ ሥጋ መገኘቱን አስታወቀ። ምርመራው ወደ ብዙ አገሮች ሲዛመት ታላላቅ መደብሮች ዕቃቸውን ከመደርደሪያ አወረዱ፤ በጋዜጣም ይቅርታ ጠየቁ። ሕዝቡን ያስቈጣው በሽታ መፍራት ብቻ አልነበረም፤ መታለሉ ነበር። ፈረስ የሚበላባት ፈረንሳይ እንኳ ተቈጥታለች፤ ምክንያቱም የፈረስ ሥጋ የሚፈልግ ሰው በስሙ ጠርቶ ሊገዛው ይችል ነበርና።

ለላኪዎች ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች የሚወጣው የበግና የፍየል ሥጋ ዋና ገበያው ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች ናቸው። እነዚያ ገዢዎች ሥጋውን የሚቀበሉት በሃይማኖታቸው ሥርዓት መታረዱን አምነው ነው። በቅርብ የአህያ ቄራ አለ የሚል ወሬ ብቻ፣ ሥጋው ባይቀላቀልም እንኳ፣ ጥርጣሬ ለመዝራት ይበቃል። የዶዮገና በግ ዝናም ሆነ የሌላው አገር በግ ዝና በአንድ የኢትዮጵያ ስም የሚጓዝ ስለ ሆነ፣ ስሙ ከጐደፈ ጕዳቱ ከበግ አርቢው ደጅ ይደርሳል።

ከሥጋው ይልቅ ዛሬ የአህያን ዋጋ የሚያንረው ቆዳዋ ነው። በቻይና የአህያ ቆዳ ተቀቅሎ ኧጂያው የሚባል መድኃኒት ይሠራበታል። ፍላጎቱ እየጨመረ፣ በሬ በመኪናና በሞተር መተካቱም ተጨምሮበት እንደ ታየው ሁሉ የአህያም ሥራ በመኪና ተተክቶ፣ በዚያ አገር 11 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአህያ ቍጥር በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በታች ወርዷል፤ ገዢዎቹም ወደ አፍሪካ ፊታቸውን አዙረዋል። በኬንያ ቄራዎቹ ከተከፈቱ በኋላ የአህያ ሌብነት ስለ በዛ መንግሥት በየካቲት 2012 ዓ.ም. እርዱን አግዶ ነበር፤ እገዳው ግን በኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ተነሥቶበታል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ለቆዳ ሲባል አህያ ማረድ በአህጉሪቱ እንዲቆም ወሰኑ።

የውሳኔው ምክንያት ለነጋዴ በቀላሉ ይገባዋል። አህያ እንደ ዶሮ አትራባም፤ አንድ ዓመት ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ውርንጭላ ነው፤ እርሱም ለጭነት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም አገሮች ቀዳሚ መሆኗ እውነት ቢሆንም፣ በዚህ ፍጥነት የማይተካ ሀብት ሲታረድ ይጐድላል እንጂ አይበረክትም። አህያውን በጥሩ ዋጋ የሸጠ ገበሬ ገንዘቡን አንድ ጊዜ ይቈጥራል፤ በሚቀጥለው ገበያ ግን እህሉን በሚስቱና በልጆቹ ጀርባ ያስጭናል፤ ወይም ጨርሶ አያመጣም። ያን ጊዜ የሚጐድለው የገበሬው ከረጢት ብቻ አይደለም፤ የእህል ነጋዴው መጋዘን፣ የጨርቅ ሻጩ መደብርና የጨውና የዘይት ቸርቻሪው ሱቅ ናቸው። «አህያም የለኝ፣ ከጅብም አልጣላ» የሚለው ተረት ለባለ ሱቅ የማይሆነው ለዚህ ነው። አህያው የገበሬው ቢሆንም ገበያው የሁሉም ነው።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። ሥጋን መጠየፍ ሰውን ወደ መጠየፍ ሲሻገር መብት መሆኑ ይቀራል። በሀዲያና በከምባታ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች «ያልተፈቀደ ሥጋ ይበላሉ» ተብለው ለብዙ ዘመን ከማዕድና ከጋብቻ ተለይተዋል። በጣና ዙሪያ የሚኖሩት ወይጦዎችም ጕማሬ በማደናቸውና በመብላታቸው እንዲሁ ተንቀዋል። የሆሳዕና ቤቶች ሁሉ የሚቀቅሉበትን ድስትና የሚጋግሩበትን ምጣድ ከእነዚሁ እጆች እየገዙ፣ ሠሪውን ከደጅ ማቆም ከትሕትናም ከንግድ ሥርዓትም የራቀ ነው። ሰው የማይፈልገውን ምግብ አለመብላት ይችላል፤ ጐረቤቱን ግን በሰማው የምግብ ወሬ ሊመዝነው አይገባም።

እንግዲህ የሚሠራው ሥራ ከባድ አይደለም። ባለ ሥጋ ቤቱ የከተማውን ቄራ ማኅተም ያልያዘ ሥጋ አይቀበል፤ የተቀበለውንም በእውነተኛ ስሙ ይሽጥ። ባለ ሆቴሉ ሥጋ ከየት እንደ ገዛ ለሚጠይቀው ደንበኛ ሳይቈጣ ይመልስ። የከብት ደላላው ሻጩን ሳያውቅና ዋስ ሳይዝ አህያ አያሻሽጥ፤ በሌሊት የሚነዳ መንጋም ሲያይ ለሚመለከተው አካል ያስታውቅ። ላኪውም የአንድ ወቅት ትርፍን ከብዙ ዓመት ስም ጋር አመዛዝኖ ይቍረጥ።

ሆሳዕና ዛሬ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆና እንግዳዋ በዝቷል። ከየአቅጣጫው የሚመጣው መንገደኛ የከተማዪቱን ሕግ አንብቦ አይገባም፤ የተሰቀለ ሥጋ አይቶ፣ ምልክቱን አምኖ ገብቶ ይቀመጣል። ይህን እምነቱን ሳያጐድል የሚያስተናግደው ነጋዴ ነገም ደንበኛውን በደጁ ያገኘዋል።